ከመርዶ የቀደመው አድሚን

በየከተማው አንድ አለ። ውሃ የሌለው ከተማ ሞልቷል፤ መብራት የሌለውም ሞልቷል፤ ከንቲባው የት እንዳለ የማይታወቅ ከተማም አይጠፋም። እሱ የሌለበት ከተማ ግን የለም። ሰው ሲወድቅ ከማንሳቱ በፊት ስልኩን የሚያነሳ፣ ቤት ሲቃጠል ከውሃ በፊት ኔትወርክ የሚፈልግ፣ በዓይኑ አይቷቸው የማያውቃቸውን ሰዎች «ውድ ቤተሰቦቼ» እያለ የሚጠራ፣ እናቱ ስትደውል ግን «ቢዚ ነኝ፣ በኋላ» የሚል። እኛ ባለ ፔጅ እንለዋለን። እሱ ራሱን «ሚዲያ» ይላል። አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ፣ ከቻርጀሩ ሌላ ባልደረባ ሳይኖረው፣ «የሚዲያችን አቋም» ይላል።

የእኛው፣ የሆሳዕናው፣ ሶፎንያስ ይባላሉ። «ይባላሉ» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ቢዝነስ ካርዳቸው ላይ «መስራች፣ ባለቤት፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚና አድሚን» ብለው ያሳተሙ ሰው በ«አንተ» አይጠሩም። ክቡር አድሚን እንበላቸው። እርሳቸውም አይጠሉትም።

ክቡር አድሚን ሥራ የጀመሩት ሆሳዕና ውስጥ ፌስቡክ የሚባለውን ነገር ጥቂት ተማሪዎችና አንድ ሁለት የቢሮ ሰዎች ብቻ በሚያውቁበት ዘመን ነው። ፈትሁዲን ኢንተርኔት ቤት ጥግ ላይ፣ ማመልከቻ እንደሚጽፍ ሰው ጎንበስ ብለው ተቀምጠው ለሕዝቡ አካውንት ይከፍቱ ነበር። ገበሬ መጣ፣ ነጋዴ መጣ፣ መምህር መጣ፣ ወንጌላዊ መጣ፤ ልጁ ደቡብ አፍሪካ የሄደበት ሁሉ መጣ። ልጅ ያልሄደበት ቤት ደግሞ በሀዲያም በከምባታም ካለ ይምጣና ይታይ።

«ስም?» ይላሉ ክቡር አድሚን፣ ቀና ሳይሉ።

«ወልደየሱስ።»

«የትውልድ ቀን?»

«ኧረ እኔ ምኑን አውቄው! ዝናብ የጠፋ ዓመት ነው ትል ነበር እናቴ።»

«ዝናብ የሚል ቦታ የለውም። ጃንዩወሪ አንድ ብዬሃለሁ። ቀጣይ!»

እንዲህ እያሉ ከተማውን በሞላ በአንድ ቀን ወለዱት። እስከ ዛሬ ድረስ የፈረንጆች አዲስ ዓመት ሲብት የሆሳዕና ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጮሃል። አባትና ልጅ፣ ከሳሽና ተከሳሽ፣ የተፋቱ ባልና ሚስት «መልካም ልደት» ይባባላሉ። ጥርሳቸው ያለቀ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው እኩል ይወለዳሉ። ክቡር አድሚንም በየሰዉ ፎቶ ላይ ኬክና የሚነድ ሻማ እየለጠፉ ሲያወጡ ይውላሉ።

ከዚያ ፔጁ መጣ፤ «ሆሳዕና በሰከንድ»። መፈክሩ «መጀመሪያ እኛ!» ነው። አስፋልቱ ተቆፈረ፤ መጀመሪያ እኛ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ መጀመሪያ እኛ። ጃጁራ ላይ በሬ ገደል ገባ፤ በሬው ገና መሬት አልነካም፣ መጀመሪያ እኛ። አንዴ ወደ አዲሎ የሚወስደውን መንገድ ጎርፍ ቆረጠው ብለው ፎቶ አወጡ። ፎቶው ላይ ከበስተጀርባ የሚታየው ተራራ በረዶ ለብሷል።

«ክቡር አድሚን፣ አዲሎ ላይ በረዶ መቼ ጣለ?» ተባሉ።

«የአየር ንብረት ለውጥን አትርሱ» አሉ።

የሆመቾው መምህር ኃይለሚካኤል ሞቱ ብለው ደግሞ ከነፎቷቸው አወጡ። አገር አለቀሰ። የድሮ ተማሪዎቻቸው ካሉበት ሁሉ «ከአባት በላይ ነበሩ» እያሉ ጻፉ። ከኮሜንቶቹ መሐል አንዷ አጭር ነበረች፤ «አለሁ። ኃይለሚካኤል ነኝ» ትላለች። ሌላ ሰው ቢሆን ስልኩን አጥፍቶ ወደ ገጠር ይገባል። ክቡር አድሚን ግን ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «መምህር በሕይወት መኖራቸውን መጀመሪያ ያረጋገጥነው እኛ ነን!» ብለው ያንንም ሼር አስደረጉት። መምህሩ በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኟቸው እጃቸውን ጨብጠው «ልጄ፣ ሰው ያከበረኝ ከሞትኩ ወዲህ ነው» አሏቸው። ክቡር አድሚን ምስጋና መሰላቸው።

ሠርግ ላይ ደግሞ ከሚዜ በላይ ናቸው። ሙሽራዋ ከመኪና ወርዳ፣ መዘምራኑ ጀምረው፣ ሕዝቡ እልል ብሎ፣ አዳራሹ በር ላይ ስትደርስ ክቡር አድሚን ስልካቸውን ወደ ሰማይ ከፍ አድርገው ይጮሃሉ።

«ይቁም! ይቁም! ኔትወርክ ሄዶ ነበር፤ ሙሽራዋ ትመለስ!»

ሙሽራዋ ከነቬሏ ተመልሳ መኪና ገባች። መዘምራኑ እንደ አዲስ ጀመሩ። ደግሞ ጠፋ። ደግሞ ተመለሰች። «እማማ ይቅርታ፣ እልልታው አልገባም፣ እስቲ አንዴ።» ሙሽራው በሱፉ ውስጥ ላብ አጥምቆት «ሶፊ፣ እኔ ልግባና እሷ በላይቭ ትምጣ?» አለ።

ሳቅን። ላይክ አደረግን፤ ሼር አደረግን። የተቆጣ ሰው ነበረ ከተባለም የተቆጣው የእሱ ቤት ሠርግ ስላልወጣለት ነው።

የክቡር አድሚን ባላንጣ ሀኒ ናት። ዱራሜ ቁጭ ብላ ቲክቶክ ትሠራለች። አንድ ጊዜ በአንጋጫ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ተገለበጠና ሀኒ ቀድማ አወጣችው፤ ያውም ክቡር አድሚን ከመኪናው አጠገብ ቆመው ካርድ እየሞሉ ሳለ። «አጠገቡ ቆሞ የተቀደመ ጋዜጠኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ብላ በላይቭ ሳቀችባቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ክቡር አድሚን ሰላም የላቸውም። ሰው ሲያነጋግራቸው ዓይናቸው ስልካቸው ላይ ነው፤ ጸሎት ላይ ሳይቀር አንደኛውን ዓይን ገለጥ ያደርጋሉ።

እውነቱን ካወራን ደግሞ ፔጁን ያቆመው ሠርግም፣ በሬም፣ ማስታወቂያም አልነበረም። ሞት ነው። የሞተ ሰው ፎቶ ከማንኛዋም ሙሽራ በላይ ላይክ ያመጣል። ይህን ክቡር አድሚን አልፈጠሩትም፤ እኛ ነን ያስተማርናቸው። ለቅሶ ቤት ሲደርሱ ከ«ጌታ ያጽናችሁ» በፊት «ጥራት ያለው ፎቶ አላችሁ?» ማለት ጀመሩ። ፎቶውን ይቀበሉና ከሥሩ የሚነድ ሻማ ያስገባሉ፣ «ጌታ ቤተሰቡን ያጽናና» ይጽፋሉ፣ ከዚያ በታች «መጀመሪያ እኛ!» ይላሉ። ሻማው ያው የልደቱ ሻማ ነው። ክቡር አድሚን ለአንድ ሥራ ሁለት ሻማ አያወርዱም።

ክቡርነቱ እዚህ ላይ ይብቃ። ቀጥሎ ያለውን የሠራው ክቡር አድሚን አይደለም። ሶፎንያስ ነው፤ የሰፈራችን ልጅ፣ ሶፊ።

ሆሴዕ የሚባል ልጅና እሱ አንድ ዴስክ ላይ የተማሩ ናቸው። ሶፎንያስ ፈትሁዲን ቤት ተቀምጦ በሕይወቱ መጀመሪያ የከፈተው አካውንት የሆሴዕ ነው። ሆሴዕ እንደ ሌላው ልጅ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ፤ ብርድ ልብስ ተሸክሞ ከሰፈር ሰፈር እየዞረ ሸጠ፣ ቆይቶም አሮጌ መኪና ገዛና በመኪና ማዞር ጀመረ። እናቱ እማማ ዓለሚቱ እዚህ ገበያ ውስጥ፣ ከኢልሃም የልብስ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ቅቤ ይሸጣሉ። የሶፎንያስ «ስቱዲዮ» ከኢልሃም ሱቅ ቀጥሎ ያለችው ጠባብ ክፍል ናት።

ሶፎንያስ እማማ ዓለሚቱን ይወዳቸው ነበር። ይህም ይጻፍለት። ስልክ ያስተካከለላቸው እሱ ነው። ፊደል ስላልቆጠሩ የቱን ሲነኩ ልጃቸው እንደሚመጣ በጣት በጣት ያስጠናቸው እሱ ነው። «የእማማ ዓለሚቱ ቅቤ፣ ሲሸትዎ አገርዎ ይገባሉ» ብሎ በነጻ ያስተዋወቀላቸው እሱ ነው። የሆሴዕንም «ልደት» በየጃንዩወሪው ከነሻማው ያወጣላቸዋል። «ሆሳዕና በሰከንድ» ላይ አዲስ ነገር ሲወጣ ስልካቸው ለብቻው ድምፅ እንዲያሰማ ያደረገውም እሱ ነው። ለእሳቸው ያ ድምፅ የምሥራች ነው። ወይ ቅቤያቸው ነው፣ ወይ ልጃቸው።

ግንቦት ውስጥ፣ በገበያ ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ለዕድሩ ዳኛ ለአቶ ሳህሉ ከደቡብ አፍሪካ ተደወለላቸው። ሆሴዕ በመኪና አደጋ ሞቷል።

አቶ ሳህሉ እንዲህ ያለውን ነገር ሲያደርጉ የኖሩ ሰው ናቸው። መርዶ ለእናት በገበያ መሐል አይነገርም፤ ቀን ቆማ በዋለችበት ቦታ አይነገርም። ያድራል። ማለዳ፣ ከቤት ሳትወጣ፣ ሽማግሌና ወንጌላዊ፣ የሚይዟትም ሴቶች አብረው ይገባሉ፤ ይጸለያል፤ ከዚያ ይነገራል። እስከዚያ የሰማ ሁሉ አፉን ይይዛል። አቶ ሳህሉ የሚገቡትን ሰዎች መረጡ፤ የእማማ ዓለሚቱን የእህት ልጅ ከሆመቾ «ናፍቀውኝ መጣሁ» እንድትልና አብራቸው እንድታድር አስጠሩ። ለቀረው «ነገ ማለዳ ነው፤ አደራ» አሉ።

ገበያው ግን ሰምቷል። ሰምቶም ቻለው። የዚያን ቀን እማማ ዓለሚቱን ቅቤ የተከራከራቸው ሰው የለም። እየመጡ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ በተባሉት ይገዛሉ።

«ዛሬ ምን ነካችሁ?» አሉ እማማ ዓለሚቱ እየሳቁ። «ጠላት አድርጋችሁኝ ነው የማትከራከሩኝ?»

«አይ እማማ፣ ቅቤዎ ጥሩ ነው።»

«ጥሩነቱንማ ድሮም አውቃለሁ። ቢሆንም ተከራከሩ እንጂ፣ ደበረኝ!»

ሶፎንያስ ስቱዲዮው ውስጥ ነበር። ከደቡብ አፍሪካ የሆሴዕ የቤት ጓደኛ ጻፈለት። ጽሑፉ ረጅም አልነበረም፤ መጨረሻው ላይ «እማማ አልተረዱም፣ አደራ» ይላል። አነበበው። አደራ የሚለውንም አነበበ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ማስመሰል አልነበረም፤ ያለቀሰው ከሆዱ ነው።

እያለቀሰ ስልኩ ብልጭ አለ። ሀኒ ናት። «ከደቡብ አፍሪካ አሳዛኝ ዜና ደርሶናል፤ ዝርዝሩን ይጠብቁን» ብላለች።

እንግዲህ ስሙ። ሰው አንዳንድ ጊዜ ሳያስብ ያደርጋል ይባላል። ሶፎንያስ አስቧል። «እማማ እንደሆነ ማንበብ አይችሉ» ብሎ አስቧል። «ሀኒ ከምታወጣው ጓደኛው እኔ ባወጣው ይሻላል» ብሎም አስቧል። የሆሴዕን ፎቶ መረጠ፤ ጃኬት ለብሶ የሚስቅባትን። ሻማውን አስገባ። እንባው ስክሪኑ ላይ እየወደቀ ጣቱን ሲያንሸራትተው በሸሚዙ እየጠረገ ጻፈ፤ «የተወደደው ወንድማችን ሆሴዕ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየን። ጌታ እናቱን ያጽናና። መጀመሪያ እኛ!»

ለጠፈው። እያለቀሰ ለጠፈው።

ውጭ፣ ከግድግዳው ማዶ፣ የእማማ ዓለሚቱ ስልክ ድምፅ አሰማ።

እጃቸውን ከቅቤው ጠርገው ስልኩን ከጉያቸው አወጡ። ልጃቸው ነው። ይስቃል። «ውይ!» አሉ፤ ተነሱ። «ልጄ ወጣ! ኢልሃም! ነይ እዪልኝ፣ ልጄ ወጣ!»

ኢልሃም ከሱቋ ወጣች። ስልኩን ተቀበለች፤ አነበበች። እጇ አፏ ላይ ሊሄድ ሲል መለሰችው።

«ምን ይላል?»

«እንዴት… እንዴት አምሯል፣ እማማ» አለች ኢልሃም። «ወፍሯል።»

«አይደል? ወፍሯል አይደል? እኔ አልኳችሁ!» ስልኩን ነጥቀው ወደ ሽንኩርት ሻጯ ዞሩ፤ ከእሷ ወደ ጨው ሻጩ። ገበያው ስልኩን እየተቀባበለ አነበበ። አንዱም አላወጣውም። «ያምራል።» «ጃኬቱ ያምራል።» «እርስዎን ነው የሚመስለው።» ስልኩ ደግሞ ዝም አይልም፤ በየኮሜንቱ ይጮሃል፤ ያጽናዎት፣ ያጽናዎት፣ ያጽናዎት። ያንን ሁሉ የምትጽፉት እናንተ፣ የፔጁ ተከታዮች፣ ነበራችሁ፤ አንዳችሁም «እሳቸው ሰምተዋል ወይ?» ብላችሁ አልጠየቃችሁም። እማማ ዓለሚቱ በጮኸ ቁጥር እየተገረሙ «ኧረ ስንት ሰው ነው ልጄን የወደደልኝ!» ይላሉ።

ከዚያ የሚያነብላቸው ሰው ትዝ አላቸው። የጻፈው ሰው።

«ሶፊ!» ብለው ስቱዲዮው ገቡ። የገበያው ግማሽ ከኋላቸው በሩ ላይ ቆመ፤ ሊያስቀራቸው ያሰበ ሁሉ እንዴት አድርጎ እንደሚያስቀራቸው ጠፋው። «በል አንብብልኝ። እነዚህ ያምራል ብቻ ነው የሚሉኝ። ማማሩንማ በዓይኔ አያለሁ። የጻፍከው ምንድን ነው?»

ሶፎንያስ ስልኩን ያዘ። ራሱ የጻፈውን አየ።

«የተወደደው…» አለ።

«እሰይ። ቀጥል።»

«የተወደደው ወንድማችን ሆሴዕ…» ቆመ። አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

«ምነው? ጉንፋን ነው? ዓይንህም ቀልቷል። ይሄ ስልክ ነው የሚያበላሽህ።» ከዚያ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አስቀመጡ። «ይሄ ሻማ ምንድን ነው? ደግሞ ልደቱ ነው?»

በሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እሱን ያያል። ኢልሃም ከመሐል ሆና ራሷን በቀስታ ነቀነቀችለት፤ በል፣ እንደማለት።

«አዎ፣ እማማ። ልደቱ ነው።»

እማማ ዓለሚቱ ሳቁ። «ባለፈውስ ጃንዩወሪ ነው አላልክም? በዓመት ስንቴ ነው ልጄን የምትወልዱት! እሱ የተወለደው በያሆዴ፣ በዘመን መለወጫችን ማግስት ነው፣ የበዓሉ ሥጋ ገና ቤት ውስጥ ነበር። ወላጁ እኔ፤ ግን ማን ጠየቀኝ!» የሶፎንያስን ራስ ዳበስ አደረጉት፤ እጃቸው ቅቤ ቅቤ ይሸታል። «ይሁን። አንተ ለጓደኛህ ብለህ ነው። ያስደስታል እንጂ አይከፋም።»

ወጡ። በቀጥታ ከረሜላ ወደሚሸጠው ሄደው ዘግነው ገዙ። ገበያውን ዞሩት። «የልጄ ልደት ነው አሉ፣ እንኩ!» እያሉ ለሽንኩርት ሻጯ፣ ለጨው ሻጩ፣ ለተሸካሚው፣ ለለማኙ ሰጡ። ሰው ሁሉ ተቀበለ። ሰው ሁሉ ልጦ አፉ ውስጥ አደረገው፤ ምን ያድርግ? ከረሜላ እየመጠጠ እንባውን የሚውጥ ገበያ የዚያን ቀን ሆሳዕና ውስጥ ታየ። የሚዘግበው አልነበረም።

ሶፎንያስ በሩን ዘግቶ ፖስቱን ከሕዝብ ዓይን ሰወረው፤ ለራሱ ብቻ እንዲታይ አደረገው። የእማማ ዓለሚቱ ስልክ ዝም አለ። አቶ ሳህሉ ሲገቡ መሬት ላይ ተቀምጦ አገኙት። ከረሜላው ገና በሽማግሌው ጉንጭ ውስጥ ነበር።

«ጋሼ ሳህሉ፣ እኔ…»

«ዝም በል።» አልጮሁም። «መቅደም ትወዳለህ፣ አይደል? እንግዲያስ ነገ ማለዳ ስንገባ የምትቀድመው አንተ ነህ። እኔ ከኋላህ ነኝ።»

«ጋሼ፣ አልችልም። በጌታ፣ ከኋላ ልሁን።»

«ከኋላ መሆን የሚቻለው ረፋድ ላይ ነበር» አሉና ወጡ።

ማለዳ ሆነ። ጭጋጉ ገና አልተነሳም። ጋቢ የለበሱ ወንዶች፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ከፊታቸው ሶፎንያስ። ወደ ኋላ ቀረት ባለ ቁጥር የአቶ ሳህሉ እጅ ጀርባው ላይ ነች። የሆመቾዋ የእህት ልጅ በሩን ከፈተች። እማማ ዓለሚቱ ለገበያ ሊወጡ ቅቤውን በኮባ ጠቅልለው ጨርሰዋል።

መጀመሪያ ያዩት እሱን ነው። ፈገግ ሊሉ ጀመሩ። ከዚያ ከኋላው ያለውን ነጠላ አዩ።

የጠቀለሉትን ቅቤ ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው፣ «ሶፊ» አሉ። «ትናንት ምን ነበር ያነበብክልኝ?»

ሶፎንያስ አፉን ከፈተ። የሆሳዕናን ሁሉ ወሬ ከሁሉ በፊት ያወራ አፍ ነው። የተናገሩት አቶ ሳህሉ ናቸው።

የጩኸቱን ነገር እንተወው። እሱ ለእሳቸው ነው፣ ለእኛ አይደለም።

ድንኳን ሲተከል ሶፎንያስ ካስማ መታ። ወንበር ተሸከመ፤ ውሃ ቀዳ፤ አስከሬኑ አገር ቤት ሲገባ ከተሸከሙት አንዱ ሆነ። ስልኩን ማን ጋ እንደጣለው አያውቅም። ቀብሩ ላይ ሀኒ ከዱራሜ መጥታ ነበር፤ ስልኳን በዘንግ ከፍ አድርጋ አየችውና በሹክሹክታ «ሶፊ፣ ላይቭ አትገባም እንዴ?» አለችው።

«ወንበር ላምጣልሽ?» አላት።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ እማማ ዓለሚቱ ለብዙ ጊዜ ገበያ አልወጡም። የወጡ ቀን ቅቤያቸውን ኢልሃም ጋ አስቀምጠው ስቱዲዮው ገቡ። ሶፎንያስ ተነስቶ ቆመ። ያጠናውን ይቅርታ ሊጀምር ሲል ቀደሙት።

«ፊደል አስቆጥረኝ» አሉ።

«እማማ…»

«ሁለተኛ ማንም አያነብልኝም። አስቆጥረኝ።»

አስቆጠራቸው። ቅቤው እስኪሸጥ፣ በየገበያው ቀን። ኢልሃም ከግድግዳው ማዶ ሆና ሀ ሁ ሲባል ትሰማለች፤ እማማ ዓለሚቱ ሲሳሳቱ ሳይሆን ሶፎንያስ ሲቸኩል ሲቆጡት ትሰማለች። «ቀስ በል! ይሄ መቸኮልህ አይለቅህም?»

ፔጁ አሁንም አለ። ሆሳዕና ግን ስሙን ቀይራለታለች፤ «ሆሳዕና በሳምንት» ትለዋለች። ሰው ሲሞት ሶፎንያስ ፎቶ አይጠይቅም፤ አቶ ሳህሉ ጋ ደውሎ «ቤተሰቡ ተረድቷል?» ይላል። ከዚያ ሲያወጣ ለቀስተኛው ሁሉ ከቀብር ተመልሶ ምሳ በልቷል። ሀኒ በየጊዜው ትቀድመዋለች፤ በላይቭ ትስቅበታለች። ተከታዮቹ እየለቀቁት ነው። አካውንት ሊከፍት የመጣን ልጅ ደግሞ «የተወለድክበትን ቀን እናትህን ጠይቀህ ና» ብሎ ይመልሳል፤ ልጁም ተናዶ ሌላ ዘንድ ሄዶ ጃንዩወሪ አንድ ይወለዳል። መምህር ኃይለሚካኤል አልፈው አልፈው ስቱዲዮው በር ላይ ብቅ ይላሉ። «ልጄ፣ እንዲህ ከሆንክስ ሞቴን ላንተ ነው የምሰጠው» ይሉታል። «ብቻ አትቸኩል። እኔም አልቸኩልም።»

በአገሩ ከሚገኘው ሚዲያ ሁሉ የመጨረሻው ዘገምተኛ ነው። የሞተብን ሰው ሲኖር ግን እሱ ካላወጣው እንደተቀበረ አንቆጥረውም። ይህን ፊት ለፊት የነገርነው የለም፤ እኛም ማፈር አንወድም።

ዘንድሮ ያሆዴ አለፈ። በማግስቱ፣ ጠዋት፣ እማማ ዓለሚቱ ፌስታል አንጠልጥለው መጡ።

«ያንን አምጣው» አሉ።

«የቱን፣ እማማ?»

«የቱን እንደሆነ ታውቃለህ።»

አወቀ። አላጠፋውም ነበር። ስልኩን አውጥቶ፣ ለራሱ ብቻ አስቀምጦት የኖረውን ከፍቶ፣ ጠረጴዛው ላይ አደረገላቸው። እማማ ዓለሚቱ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ጣታቸውን ከሻማው ሥር አሳርፈው ጀመሩ።

«የ… ተ… ወ… ደ… ደ… ው። የተወደደው።» ተነፈሱ። «ይህንን አንብበህልኝ ነበር።»

ሶፎንያስ ግድግዳውን ያያል።

«ወ… ን… ድ… ማ… ች… ን…» ፊደል በፊደል፣ ሳይዘሉ፣ ሳይቸኩሉ ሄዱ። «በሞት» የሚለው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ፤ ቆይቶ አለፈው። ጌታ እናቱን ያጽናና የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከግድግዳው ማዶ ኢልሃም ሬዲዮዋን ዘጋች።

የመጨረሻው መስመር ቀረ።

«መ… ጀ… መ… ሪ… ያ… እ… ኛ።»

ቀና አሉ።

«መጀመሪያስ እኔ ነበርኩ» አሉ።

«አዎ፣ እማማ።»

«በል አሁን አጥፋው።»

አጠፋው። እማማ ዓለሚቱ ፌስታሉን ፈትተው እጃቸውን ከተቱና ከረሜላ ዘግነው ጠረጴዛው ላይ፣ ስልኩ አጠገብ፣ አፈሰሱለት።

«ልደቱ ዛሬ ነው። ብላ።»

ክቡር አድሚን አንዱን አነሱ። ቀስ ብለው ላጡት። አፋቸው ውስጥ አደረጉት። ስልካቸው ከጎናቸው ብልጭ አለ፤ ዱራሜ ውስጥ አንድ ነገር ሆኗል፣ ሀኒ ቀድማለች። ክቡር አድሚን አላዩትም።